«መጣህ» ነው «መጣሽ»?

ጌም የሚባል ነገር ነፍሴ አትወደውም። ፀጉር ቤቴ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ነው፤ ከጎኔ ደግሞ ጌም ቤት አለ። ከጠዋት እስከ ማታ «ጎል!» እያሉ ሲጮሁ ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ደንበኞቼ ሳይቀሩ ይደነግጣሉ። ስንት ጊዜ ሄጄ ተጣልቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ግድግዳውን በቡጢ ደብድቤያለሁ። እንዲህ ያለችው ሴት ዛሬ ቁጭ ብላ ስለ ጌም ምስጋና ትጽፋለች። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ማን እንደሠራው እንኳ አላውቅም፤ ብቻ የሠራው እጅ ይባረክ።

ነገሩ የሚጀምረው ከታናሽ እህቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። አባታችን ቀደም ብሎ አርፎ ስለነበር እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። ልብሷን እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ላፕቶፗን ግን ማንም እንዲነካው አልፈለገችም፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው።

እህቴን ማጣት አንድ ነገር ነው፤ ምንም አይደረግም፤ አምላክ ወሰዳት። እኔን ያንገበገበኝ ሌላው ነው። ቡርቃ ጃቶ ካለው ቤታችን አጥር ማዶ አንዲት ሴት አለች። እኛ «አዳዳ» ነው የምንላት። በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ አባቴ እህት አልነበረውም፣ እሷ ሆነችለት። እናቴ ከጎጃም ተድራ ነቀምቴ ስትገባ ማንንም አታውቅም ነበር፤ ቋንቋውንም አታውቅ። ገበያ ይዛት የወጣች፣ እኛን ስትወልድ ያረሰቻት፣ አባቴ ሲሞት አብራት መሬት ላይ የተኛች አዳዳ ናት። እህቴማ ያደገችው በእሷ ጀርባ ነው። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛው በኋላ ነው የመጣው።

የአዳዳ አማርኛ ጥሩ ነው፤ ብቻ ነገር ሲሞቅባት ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። «አንተ ሴትዮ፣ ና ብላ!» ስትላት እናቴ በሳቅ ትሞት ነበር። የእናቴም ኦሮምኛ ያው ነው፤ ገበያ ላይ ላሟን በሬ፣ በሬውን ላም እያደረገች ሻጮቹን ታስቃለች። እንዲህ እየተሳሳቁ ነው ያረጁት።

እህቴ ከሞተች በኋላ እናቴ አዳዳን ዘጋቻት። አልተጣሉም፣ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ብቻ አዳዳ በር ላይ ቆማ «አካም ጅርታ?» ስትላት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች። ግቢ አትላትም። እድር ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ። አዳዳ ፀጉር ቤት ድረስ መጥታ «ምን አድርጌ ነው? ንገሪኝ፣ ይቅርታ ልጠይቅ» ብላ አለቀሰችብኝ። ምን ልበላት? እናቴን ስጠይቃት «ተይኝ» ነው መልሷ። እየከሳች ሄደች። ቀብሩ ላይ እንኳ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ ሁሉም ውስጧ ነው የቀረው። ሁለቱ በሕይወት እያሉ፣ በአንድ አጥር ተለያይተው፣ እንዲህ ሆነው ሊሞቱ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ ላፕቶፑን አወረድኩት። የእህቴን ፎቶዎች ፈልጌ ነበር። እናቴ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስከፍተው ፎቶ ሳይሆን ጌሙ መጣ። ለካስ ጨዋታውን መሐል ላይ አቁማው ነበር፤ «ቀጥል» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይብለጨለጫል። ቀጥል ማለቱ ጨነቀኝና ከመጀመሪያው የሚለውን ነካሁት።

ኳስ ወይም ተኩስ ጠብቄ ነበር። ምንም የለም። ሐይቅ ዳር ያለ ትልቅ ቤት ነው። አንቺ በውስጡ ትሄጃለሽ። ፊትሽ አይታይም፣ እጅሽ አይታይም፤ መስታወቶቹ ሁሉ በጨርቅ ተሸፍነዋል። በሩን ስትከፍቺ ከግድግዳው ውስጥ የሴት ድምፅ በቀስታ ያናግርሻል። ድምፁን ስትሰማ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ማን ናት እሷ?»

«የጌሙ ናት፣ እማዬ።»

«ልጄ ትጫወተው የነበረው ነው?»

«አዎ።»

በርጩማዋን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ትላለች?»

እንግሊዝኛዬ የሃይስኩል ነው፤ የጎደለውን በስልኬ መዝገበ ቃላት እሞላለሁ። ሴትዮዋ ያለችው ቀላል ነበር፤ «ዩ ኬም» ነው ያለችው። እኔም ተረጎምኩላት። «‹መጣህ› ትላለች» አልኳት።

ለምን «መጣህ» አልኩ? እኔ እንጃ። በጌም ቤቱ በር ሴት ስትገባ አይቼ አላውቅም፤ ጌም ሲባል የሚጫወተውም የሚሄድበትም ወንድ ነው ብዬ ነው። አላሰብኩበትም። እንዲህ እያልኩ ሙሉውን ቤት ለእናቴ ወንድ አድርጌ አዞርኳት።

ከዚያ እሑድ እሑድ ሥራችን ይኼ ሆነ። መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ ባትሪው እስኪያልቅ። ድምፁ ትንሽ ነው የሚናገረው። «በሩን ክፍት አድርገህ ሄድክ።» «ሳህንህን አላነሣሁትም፣ እዚያው አለ።» «ውጭ ይበርዳል፤ ለምን አልነገርከኝም?» እናቴ ሰውየውን ከመጀመሪያው ቀን ጠመደችው። ሚስቱን ጥሎ የጠፋ ባል ነው ብላ ደመደመች። «የት ሲዞር ከርሞ ነው አሁን? ይበለው! አሁን ቤቱን ቢዞር፣ ግድግዳውን ቢልስ፣ ማን ያምነዋል!» ትላለች። ደረጃ ስንወጣ «ቀስ ይበል፣ ይውደቅ እንጂ ማን ያዝንለታል» ትላለች። እንደዚያ ስትቆጣ ሳያት ደስ አለኝ። ከእህቴ ሞት ወዲህ በሆነ ነገር ስትናደድ አይቻት አላውቅም ነበር።

ታሪኩ ግን አስቸጋሪ ነው። ደረጃ ወጥተሽ ሁለተኛው ፎቅ ስትደርሺ ያው የወጣሽበት ቤት ነው፤ ብቻ ቀለሙ አዲስ ነው። ሦስተኛው ፎቅም ያው ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ የልጅ ሥዕል ተለጥፏል። እዚያ የተሰበረው ወንበር እዚህ ደህና ነው። ታች የደረቀው አበባ ላይ ለምልሟል። ማንም አያስረዳሽም። አንድ ወረቀት የለ፣ «ይኼ ከዚህ በፊት ነው» የሚልሽ የለ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል። ሰው ሲያወራኝ ፊት ለፊት እንዲያወራኝ ነው የምፈልገው። አንዷን ደንበኛዬን ሹሩባ እየሠራኋት አማረርኩላት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

«እሱን ጌም አውቀዋለሁ!» አለች። «ኢንተርኔት ላይ ሰዉ እስካሁን ይከራከርበታል። የሚያናግረው ድምፅ የሞተ ሰው ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ የሞተው የሚሄደው ነው የሚሉ አሉ። ሁለቱም የሉም፣ ቤቱ ራሱ የአንድ ሰው ጭንቅላት ነው የሚሉም አሉ።»

«ትክክሉ የቱ ነው?»

«ሁሉም።»

«ሂጂ ወደዚያ! ፀጉርሽን ነው የምነጭልሽ» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ሁሉም ትክክል ከሆነ ለምን ይደክሙልናል?

ወደ መጨረሻው ስንጠጋ ምድር ቤት ወረድን። አንድ ባልዲ ውኃ አለ፤ «እጅ ታጠብ» ይላል። ነካሁት። ከስክሪኑ ታች ሁለት እጆች ወጥተው ውኃው ውስጥ ገቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነታችንን አየነው። ጥፍሩ ቀይ ተቀብቶ ነበር፤ ቀለሙ ተላልጧል። አንጓው ላይ ቀጭን አምባር አለ።

እናቴ ከበርጩማው ተነሣች። «የሴት እጅ ነው!»

«ኧረ!»

«ኧረ ትለኛለች እንዴ! አንቺ ልጅ፣ ምን ስትነግሪኝ ነው የከረምሽው?»

በእንግሊዝኛው «ዩ» ነው የሚለው፣ «ዩ» ለሴትም ለወንድም ነው፣ ለትልቅም ለትንሽም ነው ብዬ አስረዳኋት። አፏን ይዛ አየችኝ። «እና ፈረንጆቹ ሴቱን ከወንዱ ሳይለዩ ነው ዕድሜ ልካቸውን የሚያወሩት?»

«ሲነጋገሩ አይለዩም።»

«አበስኩ ገበርኩ! ስንቱን በደልኩት በይኛ፣ ያን ምስኪን ሰውዬ።» ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። «በይ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። አሁን ደግሞ በሴት ንገሪኝ።»

እንደገና ጀመርን። ያው ሐይቅ፣ ያው በር፣ ያው ድምፅ። «መጣሽ።» «በሩን ክፍት አድርገሽ ሄድሽ።» «ሳህንሽን አላነሣሁትም፣ እዚያው አለ።» አንድ ፊደል ነው የቀየርኩት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሌላ ታሪክ ሆነ። ወቀሳ የነበረው ናፍቆት ሆነ። እናቴ መሳደቧን ተወች። «ለምን አልነገርሽኝም?» የሚለው ላይ ስንደርስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እናትና ልጅ ናቸው» አለች።

«የቷ ናት እናት? የምትሄደው ናት የምታናግረው?»

«የምትጠብቀው ልጅቱ ናት። እናትየው ወጣ ብላ ነበር።»

ይኼን ከየት እንዳመጣችው አልገባኝም። እኔ በበኩሌ የምትሄደው ልጅቱ ናት ብዬ ነበር። ግን አልተከራከርኳትም። ያን ጊዜ ነው ያቺ ተማሪ ያለችው ትንሽ የገባኝ። ጌሙን የሠራው ሰው ሊያሾፍብን ፈልጎ አይደለም፤ መቀመጫ ትቶልን ነው። ሁሉን ነግሮን ቢሆን እናቴ «ወይ ጉድ» ብላ ወደ ጓዳዋ ትመለስ ነበር። የቀረውን ክፍት ስለተወው የራሷን ይዛ ገባችበት። እህቴም የራሷን ይዛ ገብታ ነበር ማለት ነው። ያንን ሳስብ አንገቷን አቅፌ ባመሰግናት ደስ ባለኝ፤ «የሥራ ፈት ነገር» እያልኩ ስቆጣት ሳቅ ብላ ዝም የምትለኝ ለካስ ይኼን ይዛ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ሲደርስ እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ስክሪኑን እያበራ አስቸግሮናል። አንድ አልጋ አለ። አልጋው ላይ ሰው ተኝቷል፤ እስከ ራሱ ተሸፍኗል። ልብሱን መግለጥ አይቻልም፣ ሞከርኩ። የሚቻለው አጠገቡ ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። ተቀመጥን። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከግድግዳው ሳይሆን ከጆሮአችን ሥር። «ዩ ኬም» አለ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። አለቀ።

«በቃ? ይኼ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ማን ናት የተኛችው? ማን ናት የተናገረችው? ያን ሁሉ ደረጃ ያስወጡን ለዚህ ነው?» ላፕቶፑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

እናቴ ግን አልተናደደችም። ነጩን ስክሪን እያየች ቆየች።

«በኦሮምኛ ቢሆን ምን ነበር የምትይው?» አለችኝ።

«ያንን? ‹ዱፍቴ› ነዋ።»

«ዱፍቴ ምን ማለት ነው?»

«መጣሽ።»

«ሌላስ?»

«መጣህ።»

«ሌላስ?»

ነቀምቴ ያደግን ሰዎች ቃሉን ሳናስብ ነው የምንለው። «... መጣች» አልኳት። በኦሮምኛ «አንቺ መጣሽ» እና «እሷ መጣች» አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ዱፍቴ» ነው። ለማን እንደተባለ የምታውቂው ተናጋሪዋን አይተሽ ነው።

«እሱ ነው የገደለኝ» አለች እናቴ።

ከዚያ ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ያልነገረችኝን። የመጨረሻው ቀን ሆስፒታል እሷና አዳዳ እየተቀያየሩ ነበር የሚያስታምሟት፤ እኔ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን እዞር ነበር። እናቴ ሰውነቷን ልትታጠብና ለእህቴ ንጹሕ የሌሊት ልብስ ልታመጣ ቤት ደርሳ ተመለሰች። በሩን ስትከፍት እህቴና አዳዳ በቀስታ እያወሩ ነው። የእህቴ ፊት ወደ አዳዳ ነው። «ዱፍቴ» አለች። አዳዳ ጸጥ አለች። እህቴም ዓይኗን ጨፈነች፤ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰችም፤ ንጋት ላይ አረፈች።

«ከእኔ ጋር ኦሮምኛ አውርታ አታውቅም» አለች እናቴ። «ለእኔ በአማርኛ ነው። ስለዚህ ለእኔ አይደለም ያለችው። ‹መጣች፣ ዝም በይ› ማለቷ ነው። ምን ሲያወሩ ነው የደረስኩት? ልጄ በመጨረሻ ሰዓቷ ምኔን ለጎረቤት እየነገረች ነበር? ሆስፒታል ሳልወስዳት ጠበል ይዣት ቆይቻለሁ። እሱን ይሆናል። ‹እናቴ ናት ያዘገየችኝ› ብላት ይሆናል። ይኼን የምታውቅ ሴት ፊት እንዴት እቆማለሁ?»

ምን ልበላችሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼን በሆዷ ይዛ ነው ከእኔ ጋር የበላችው የጠጣችው። አዘንኩላት፤ ደግሞ ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ ነው አፌ የሚፈታልኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ይቺ የስክሪኗ ሴትዮ ማንን እንዳለች አናውቅም፤ ወደፊትም አናውቅም። የጻፈው ሰው የት እንዳለ አናውቅም፤ ብናገኘውም አይነግረንም፤ እንዲህ አድርጎ መተዉ ሥራው ነው። የአንቺ ግን አጥር ማዶ ናት! ልብስ እያጠበች ነው፤ ሳሙናው ይሸተኛል። መጠየቅ ነው ያቃተሽ?»

«‹አዎ፣ ወቅሳሻለች› ብትለኝስ?»

«ብትልሽ ታውቂዋለሽ። ከዚህ የባሰ ምን አለ?»

«ተይ ልጄ፣ ተይኝ።»

አልተውኩም። ግቢው ውስጥ ወጥቼ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ «አዳዳ! ኮቱ ሜ! አሁኑኑ ነይ!» ብዬ ተጣራሁ። አንድ ሰው የወደቀ መስሏት ነው መሰለኝ፣ እየሮጠች መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ከቀብሩ ወዲህ ከዚያ አልፋ አታውቅማ። እናቴ ወለሉን ታያለች። እኔ አስገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳትና፣ እናቴ አፏን ስላልከፈተች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ቃሉን፣ ፊቷ ወዴት እንደነበር፣ እናቴ ምን እንደፈራች።

አዳዳ ወደ እናቴ ዞረች። አረፋው እጇ ላይ ደረቀ።

«ለማን እንዳለችው እኔም አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ፊቷ ወደ እኔ ነበር። ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። ከሄድሽ ጀምሮ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ነፋስ በሩን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ‹ዱፍቴ?› ትለኛለች። ‹አልመጣችም፣ ትመጣለች› እላታለሁ።»

እናቴ ቀና አለች። «ምን ታወሩ ነበር?»

አዳዳ አፏን በእጇ ሸፈነች። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ሳቅ ነው ለቅሶ መለየት አቃተኝ፤ አስፈራኝ። «አስምላኛለች» አለች። «አትንገሪያት ብላ አስምላኛለች።»

«ንገሪኝ» አለች እናቴ። «ምንም ይሁን ንገሪኝ።»

«ስለ ሾርባው ነው።»

«የምን ሾርባ?»

«ያንተ ሾርባ ነዋ! ጠዋት በፔርሙዝ ትተህልን የሄድከው!» ሞቀባትና «አንተ» አለቻት። «ጨው በዝቶበት ነበር፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ። ቀምሼዋለሁ፤ አይጠጣም ነበር። ልድፋው ስላት እምቢ አለች። በዚያ ድካሟ ሳቀች። ‹እማዬ ጨዉን ሁለቴ ጨምራለች፤ እያለቀሰች ስለሠራችው ረስታ ነው፤ እንዳትነግሪያት፣ ይከፋታል› አለችኝ። ‹አጠጪኝ፣ ስትመለስ ባዶውን ትየው› አለችኝ። በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋት። የመጨረሻዋን ማንኪያ ስሰጣት ነው በሩን የከፈትከው።»



«ጠጣችው?» አለች እናቴ።

«ሙሉውን።»

«እኔ እኮ ... አንቺ የጠጣሽው መስሎኝ ነበር። ፔርሙዙ ባዶ ነበር። ስንት ቀን እህል በአፏ አልዞረም ነበር። ባዶ ሆዷን ነው የሸኘኋት ብዬ ...»

«ከእጅህ በልታ ነው የሄደችው» አለቻት አዳዳ። «ከእጅህ።»

እናቴ ያን ጊዜ ጮኸች። ቀብሩ ላይ ያልወጣው ጩኸት ያን ዕለት ወጣ። አዳዳ አቀፈቻት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እየተቀባበሉ አለቀሱ፤ መሐል ላይ እናቴ «ሁለቴ ነው የጨመርኩት! እውነቷን ነው፣ ሁለቴ ነው!» እያለች ትስቃለች፣ መልሳ ታለቅሳለች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ «ገላቶሚ፣ አዳዳ፣ ገላቶሚ» እያልኩ ከማመስገን በቀር ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ኦሮምኛው ነው ቀድሞ የመጣልኝ።

እሪታው ሰፈሩን አዳረሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮታቸውን በትከሻቸው ጥለው ወደ ግቢያችን ሮጡ፤ የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ እያለከለኩ ደረሱ። በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኳቸው። እንባዬና ንፍጤ ተደባልቆ ነበር። «እህቴ ባዶ ሆዷን አልሄደችም። አሁን ነው የሰማነው።»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። አሮጊቶቹ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱና ገብተው ከእናቴ ጋር ተቀመጡ።